የኦቦ ዲሪርሳ ሳቅ የገባበት

ሱሉልታ ውስጥ ኦቦ ዲሪርሳን ፈልጎ የመጣ ሰው ቤታቸውን አይጠይቅም ነበር፤ ቆም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሳቃቸው ከጋሪያቸው ቀድሞ ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት ከየገበሬው ደጅ ወተት ሰብስበው በፈረስ ጋሪ ወደ መረከቢያው ሲያመጡ፣ ገና ድልድዩን ሳይሻገሩ ወረፋ የያዙት ሴቶች "መጡ" ይባባላሉ። ፈረሱ እንኳ የሚቆመው እሳቸው ሲስቁ እንጂ ልጓሙ ሲሳብ አይደለም ይባል ነበር። ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ስለሆኑ ግማሹን ማመን ይበቃል።

ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራም ነበራቸው። የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ኮረብታው ላይ ወጥተው በረጅሙ ሦስት ጊዜ ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ቤት ይጠራሉ። ለስብሰባ ሲሆን አጠር አድርገው ሁለቴ ነው። ለጠፋ ከብትም የራሱ አነፋፍ ነበረው። "ለሞት ስትነፋ ትንፋሽ አትሰስት፤ ሟቹ ስንት ዘመን ሲተነፍስልን ኖሯል" ይሉ ነበር።

አመሻሽ ላይ ግን የሚገኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጋሽ አሥራት ወፍጮ ቤት ደጃፍ። ጋሽ አሥራት በወጣትነታቸው ከመንዝ ጨርቅ ሊሸጡ መጥተው፣ የሱሉልታ ብርድ የአገራቸውን ብርድ ስላስታወሳቸው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ኦሮምኛ ያስተማሯቸው ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። ያውም መጀመሪያ ያስተማሯቸው "ዋጋው በዛ፣ ቀንሱ" የሚለውን ነው ብለው "ዋጋው አነሰ፣ ጨምሩ" የሚለውን ነበር። ጋሽ አሥራት ገበያ ወጥተው ይህንኑ በኩራት ሲደጋግሙ ሻጮቹ በደስታ ከበቧቸው። ኦቦ ዲሪርሳ ከእህል ጆንያ ኋላ ተደብቀው ሲስቁ ተያዙ። ጓደኝነታቸው የጀመረው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ በዱቄት በነጣው አግዳሚ ላይ የዳማ ሰሌዳ ሳይዘረጋ የመሸበት ቀን ጥቂት ነው። ጠጠራቸው የለስላሳ ቆርኪ ነበር፤ የጋሽ አሥራት ቆርኪ በሆዱ፣ የኦቦ ዲሪርሳ በጀርባው።

"ና እንግዲህ፣ ልብላህ" ይላሉ ጋሽ አሥራት።

"ብላኝ፣ ጥርስ ከቀረልህ።"

ከዚያ ያ ሳቅ ይመጣል፤ ወፍጮው እየጮኸ እንኳ ይሰማል።

መጀመሪያ የሄደው ፈገግታቸው ነው። ሲሄድ ማንም አላየውም። አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ "ምን ሆነህ ነው ፊትህ የከበደብኝ?" አሏቸው፤ "ምንም" አሉ፣ እውነታቸውን ነበር። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያፍሩ ስለነበር የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ድምፃቸው ቀነሰ። እርምጃቸው አጠረ። ጋሪውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። ጥሩምባውንም እውነቱ ለሚባል የመጋዘን ጥበቃ አስረከቡ፤ አነፋፉን ሁሉ አንድ በአንድ አሳይተው።

በዚህ መሀል የጋሽ አሥራት ልጅ ሐኒ ተዳረች። ሐኒ በወተት ጋሪው ላይ ያደገች ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ ምርቃቱ ላይ ሲደረስ የሚመርቁት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፤ ሌላ ማን ሊሆን? ተነሡ። ሙሽሮቹ ፊታቸው ተንበረከኩ። ኦቦ ዲሪርሳ ግን ግራ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ፤ ቀኙ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ። ፊታቸው እንደ ዐለት ነበር። የተናገሩት ነገር ከፊተኛው ረድፍ አላለፈም፤ ሕዝቡ የቱ ጋ አሜን እንደሚል ጠፍቶት እርስ በርሱ ተያየ።

በእኛ አገር አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ከትቶ አይመረቅም። እርግማን እንኳ በሁለት እጅ ነው።

ጋሽ አሥራት ሰርጉን እስከ መጨረሻው አስተናገዱ። በማግሥቱ የዳማውን ሰሌዳ አንሥተው ከዱቄት ከረጢቶቹ ኋላ አስገቡት። ኦቦ ዲሪርሳ ሲመሽ መጥተው አግዳሚው ላይ ጥቂት ተቀመጡ። ወፍጮው ይሠራል፣ ጋሽ አሥራት አይወጡም። ኦቦ ዲሪርሳም ተነሥተው ሄዱ። በዚያው ቀረ።

በቀጣዩ ክረምት ልጃቸው ደራርቱ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ፓርኪንሰን ነው ተባለ። ሐኪሙ ሲያስረዳ፣ እንቅስቃሴን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል እየደከመ ይሄዳል፣ አይተላለፍም፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ከወሰዱ ግን ብዙ መልካም ቀን አለ፣ አለ። ኦቦ ዲሪርሳ የመጨረሻዋን ቃል ይዘው ተመለሱ። እትዬ ጥሩዬ ይህን ለጋሽ አሥራት ልንገር ሲሉ ግን ከለከሏቸው።

"በሽታዬን ሽማግሌ አድርጌ አልክም" አሉ።

እትዬ ጥሩዬ ስንዴ ማስፈጫ አስመስለው ሄደው ተናገሩ። ጋሽ አሥራት የወፍጮውን ቀበቶ እያስተካከሉ አዳመጡ።

"እጅ ይታመማል፣ እሺ" አሉ። "ፊትስ? ፊት አይታመምም፣ ጥሩዬ። ፊት የሚናገረው ልብ ያለውን ነው። ልጄን ሲመርቅ ያየሁትን ፊት እኔ አውቀዋለሁ።"

እትዬ ጥሩዬ ዱቄታቸውን ተሸክመው ተመለሱ። እሳቸውም አንዳንድ ቀን ያንን ፊት ይፈሩት ነበር።

ደራርቱ ቡራዩ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ከሥራ ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ባለው አዳራሽ ፊልም ይታያል ሲሉ ሰምታ ገባች። የታማሚ ቤተሰቦች ያቋቋሙት ማኅበር ያሠራው ፊልም ነበር፤ ዓለም ገና ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ። አባትየው ጋሽ ሶያማ ፓርኪንሰን ይዟቸዋል። ደራርቱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ መሀል ላይ ሳቀች፤ ሲያልቅ ፊልሙን ከከተማ ከተማ የሚያዞረውን ጌዲ የሚባል ወጣት ክንዱን ያዘችው።

"ሱሉልታ መምጣት አለብህ።"

"አዳራሽ አላችሁ?"

"ይገኛል።"

ከጌዲ ይልቅ የከበዷት አባቷ ነበሩ።

"ሰው ተሰብስቦ በሽታዬን ሊያይ?"

"ያንተን አይደለም አባዬ። የዓለም ገና ሰው ነው።"

"የዓለም ገና ሰው በሽታውን ይዞ እዚህ ድረስ ምን አመጣው?"

"እሱ አይመጣም፤ ፊልሙ ነው የሚመጣው።"

ኦቦ ዲሪርሳ ጥቂት አሰቡ። "ምሳ ይበላል?"

"ፊልም ምን ምሳ ይበላል?"

"እንግዲያ ይምጣ።" ቀጥለው ግድ እንደሌለው ሰው ወደ መስኮቱ ዞረው "አሥራት ይመጣ ይሆን?" አሉ።

ደራርቱ በዚያው ቀን ወፍጮ ቤት ሄደች። ጋሽ አሥራት ቅንድባቸው ድረስ ነጥተው ወጡ።

"የኮረፈ ሰው ፊት ለማየት ሲኒማ አልገባም" አሏት። "በነጻ አይቼ ጠግቤዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ይሄም በነጻ ነው።"

"ደግ፤ ብቀር አይቆጨኝም።"

"አባዬ ይመጡ እንደሆነ ጠይቆኛል።"

ጋሽ አሥራት ከቅንድባቸው ዱቄት ጠረጉ። ከዚያ ቶሎ ብለው "ያንን ደጅ የምረግጠው ወይ እሱ ሲሞት ነው ወይ እኔ ስሞት" አሉ።

"እርስዎ ከሞቱ እንዴት ይረግጡታል?"

"ተሸክመውኝ ያልፋሉ። ሂጂ ልጄ፣ ዱቄት ነካሽ።"

የፊልሙ እሑድ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ለሌላ ስብሰባ ስለተያዘ እድሩ ድንኳኑን ፈቀደ። ድንኳኑ ከጠዋት ጀምሮ በኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ተተከለ። ጌዲ በቀን ብርሃን ፊልም አይታይም ስላለ እትዬ ጥሩዬ ቤት ያለውን ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ አውጥተው ቀዳዳውን ደፈኑ። ፊት ለፊት ነጭ አንሶላ ተወጠረ። አግዳሚዎቹ ገቡ። እንግዲህ የቀረው ሰው መጥራት ነው።

ደራርቱ እውነቱን በር ላይ አገኘችው። "እውነቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እንዲመጣ ንገርልን።"

"ሰው ሁሉ?"

"ሰው ሁሉ። ማንም እንዳይቀር።"

እውነቱ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ጥሩምባውን ሊያመጣ ሄደ። አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እውነቱ ጥሩምባውን ከተረከበ ወዲህ ለስብሰባ ነፍቶ አያውቅም፤ ስብሰባ በስልክ መልእክት ሆኗል። የጠፋ ከብትም ፎቶው በስልክ ይዞራል። ኦቦ ዲሪርሳ ካስተማሩት አነፋፍ ሁሉ ያልዛገበት አንዱ ብቻ ነው። ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ደረቱን ሞላ፤ በረጅሙ ሦስት ጊዜ ነፋ።

"ኦቦ ዲሪርሳ ቤት! ድንኳን ተጥሏል! ዘጠኝ ሰዓት!"

ሐሰት የለበትም። "ፊልም" የሚለውንም ጨምሬ ነበር ይላል እሱ። ነገር ግን ከሦስቱ ረጅም ጥሩምባ በኋላ ሰው የሚያዳምጠው የቤቱን ስም ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንባ ይወስደዋል።

ድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ዲሪርሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጌዲ ገመድ ሲያገጣጥም ያዩ ነበር። የጥሩምባው ድምፅ በወፍራሙ ሸራና በብርድ ልብሱ አልፎ ሲደርሳቸው ቀና አሉ። ቃሉ አልደረሳቸውም፤ አነፋፉ ግን ደርሷቸዋል።

"ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ? ሰው ሞቷል" አሉ። "ጥሩዬ፣ ጋቢዬን።"

"አባዬ፣ ፊልሙ ሊጀመር ነው።"

"ፊልሙ ይቆያል፤ ልቅሶ አይቆይም።" ለመነሣት ሞከሩ፤ እግራቸው እንቢ አላቸው። ሁለተኛ ሞከሩ። "ማን ይሆን? ማንም ታምሞ አልነበረም።" ሦስተኛው ላይ ተነሡ፤ ወዲያውም ባሉበት ቀሩ። "አሥራት እንዳይሆን" አሉ በዚያች ባነሰች ድምፃቸው። "ደም ግፊት አለው። ጥሩዬ፣ አሥራት ከሆነ እኔ ምን ብዬ ነው የምቀብረው? ሳንታረቅ?"

እትዬ ጥሩዬ ጋቢውን አለበሷቸው። በዚህ ጊዜ ከውጭ የልቅሶው ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከአጥሩ፣ ከዚያ ከግቢው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲጎርፉ፣ ከሁሉ በላይ አንድ ወፍራም የመንዝ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"ወንድሜን! ወንድሜን! ሳልጠይቅህ!"

ኦቦ ዲሪርሳ ጆሮአቸውን አቀኑ። "አሥራት ነው" አሉ። "እልል በይ ጥሩዬ፣ በሕይወት አለ!" ወዲያው ግራ ገባቸው። "ታዲያ የሚያለቅሰው ለማን ነው?"

ደራርቱ በብርድ ልብሱ ስንጥቅ ወደ ውጭ አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፤ ጥሩምባውን ታቅፎ የቆመውን እውነቱን አየች።

"አባዬ" አለች፣ "ላንተ መሰለኝ።"

"ለኔ?"

"ልንገራቸው?"

"ቆይ፣ ቆይ፣ አትናገሪ" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። "ትንሽ ልስማ።"

ውጭ ጋሽ አሥራት ድንኳኑ ደጃፍ ደርሰው ወገባቸውን ይዘው ግጥም እያወጡ ነበር፤

"ዳማው ተዘርግቶ፣ ቆርኪው ተደርድሮ፣
ማንን ልብላ ዛሬ፣ ማን ይብላኝ ዘንድሮ!"

ሕዝቡ "ዋይ! ዋይ!" ብሎ ተቀበለ። ጋሽ አሥራት ብርድ ልብሱን ገልጠው ገቡ። ብርሃኑ አብሯቸው ገባ፤ በብርሃኑ መሀል ነጭ ጋቢ የለበሱ ኦቦ ዲሪርሳ ቆመዋል።

"በስመ አብ!" ብላ አንዲት ሴት ወደ ኋላ ወደቀች፤ ከኋላዋ ያሉት ያዟት። ድንኳኑ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ትንሿ ድምፅ እንኳ በቂ ነበረች።

"ሌላ ማን ይበላሃል?" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። "እኔው ነኝ እንጂ።"

ሳቁ ከኋላ ጀመረ፤ እየተዛመተ ሄዶ የዘቀዘቁት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሳቁ። "እውነቱ! ምነው እውነቱ!" ብለው ጮሁበት። "ሰው ሁሉ ይምጣ አላላችሁም?" አለ እሱ። "ይኸው መጣ። ማን ቀረ?"

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኦቦ ዲሪርሳ እንደ ሰርጉ ቀን ዐለት መስለው ቆመዋል። ጋሽ አሥራት ደግሞ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሳይደርቅ ያንን ፊት አዩት፤ አንዲት ጡንቻ አልተነቃነቀችም። የልቅሷቸው ሐፍረት ወደ ቁጣ ሲዞር ከሩቅ ይታይ ነበር።

"አላገጣችሁብኝ" አሉ። "አይመጣም ብላችሁ በሞት ጠራችሁኝ። ፊቱን እዩት እስኪ! ሞተ ብዬ አልቅሼለት እንኳ አልተፈታም!" ጋቢያቸውን ሰብስበው ዞሩ።

ቢወጡ አይመለሱም። ኦቦ ዲሪርሳም "አሥራት" አሉ፤ አሁን ግን ጸጥታው አልፎ ስለነበር ማንም አልሰማቸውም።

እትዬ ጥሩዬ መውጫው ላይ ቆሙ። "ጋሽ አሥራት፣ ድንኳን ገብተው ሳይቀመጡ መውጣት በየትኛው እድር ነው?"

"ሰው አልሞተም እኮ!"

"ድንኳኑ የእድሩ አይደለም? ጥሩምባው አልተነፋም? ልቅሶውንስ ራስዎ አላለቀሱም?"

"ልክ ናት፣ ደንብ ነው" አሉ ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች፣ አንዳንዶቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው። የእድሩን ደንብ ያረቀቁት ራሳቸው ጋሽ አሥራት ነበሩ። መውጫው አጠገብ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ለደንቡ ነው" አሉ ለጎረቤታቸው።

ጌዲ ፊልሙን ጀመረ። አንሶላው ላይ የዓለም ገና መንገድ ታየ፤ ባጃጆች፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረ ሽንኩርት፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ሱቅ። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሶያማ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ካሜራው ቀርቦ ፊታቸውን አሳየ፤ አንሶላውን ሁሉ ሞላው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተንሾካሾከ። ፊቱ የሌላ ሰው ነው፣ ግን ያው ፊት ነው፤ ያው ዐለት፣ ብዙ የማይርገበገብ ያው ዐይን።

የጋሽ ሶያማ ሚስት ወጡ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ዶሮ ሠርቼለት ፊቱ አይፈታ! አንድ ቀንማ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ዘመድ ሰበሰብኩበት። እሱ ደግሞ ዘመድ ሲሰበሰብ ድግስ መስሎት ደስ ብሎት ተቀምጧል፤ እኔ በምን ልወቅ?" ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ቀጥሎ አንዲት ሐኪም ታየች። ይህ በሽታ የፊትን ጡንቻ ያስራል፣ ሰውየው ውስጡ እየሳቀ ፊቱ ላይወጣለት ይችላል፣ አለች። ከዚያ የጋሽ ሶያማ የልጅ ልጅ ጭናቸው ላይ ወጥታ አገጫቸውን ይዛ ጠየቀቻቸው፦

"አባባ፣ አሁን እየሳቅህ ነው?"

"ከጠዋት ጀምሮ" አሉ ጋሽ ሶያማ።

መውጫው አጠገብ ጋሽ አሥራት ተነሡ።

"ይቀመጡ ጋሼ፣ ከለሉን!" ተባሉ። አልሰሙም። በአግዳሚዎቹ መሀል፣ በብርሃኑ ጨረር ውስጥ ወደ ፊት ሄዱ። ነጭ ጋቢያቸው ላይ የጋሽ ሶያማ ፊት ወጣ፤ ትከሻቸው ላይ አንድ ዐይን፣ ጀርባቸው ላይ አፍ። ፊተኛው ረድፍ ደርሰው ከኦቦ ዲሪርሳ አጠገብ ተቀመጡና ምስሉ ወደ አንሶላው ተመለሰ።

"አንተ" አሉ ጋሽ አሥራት ወደ ጆሮአቸው ጠጋ ብለው። "አሁን እየሳቅህ ነው?"

"ማን ይብላኝ ካልክ ጀምሮ።"

"ውሸታም።"

"እጄን እየው።"

ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ለመደበቅ ጊዜ አላገኙም። ነፋስ እንደያዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይርገፈገፋል። ጋሽ አሥራት ዐይናቸውን ከእጁ አላነሡም። ፊልሙ ላይ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ እጁ ይብሳል፤ ሲያልፍ ይረጋል። ሁለቴ ሦስቴ ይህን አስተዋሉ።

"ሐኪሙ ደስ ሲለኝም ስደነግጥም ይብሳል ብሎኛል" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። "ሳቁ ወደዚህ ወርዷል።"

"የሐኒ ሰርግ ላይስ?"

"የሐኒ ሰርግ ላይ" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ቃል በቃል፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ "የካፖርቴ ኪስ ተተረተረ። ስፌቱ አልቻለውም። ጥሩዬን ጠይቃት፤ እሷ ናት የሰፋችው።"

እትዬ ጥሩዬ ከኋላ "በቡኒ ክር" አሉ። "ጥቁር አጥቼ።"

ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ አሥራት በፊልሙ ብርሃን ኪሱን ገልብጠው ቡኒውን ክር በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ ያንን የሚርገፈገፍ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። እስከ መጨረሻው አለቀቁትም። ኦቦ ዲሪርሳ "አፍንጫዬን ልከክ፣ ልቀቀኝ" ሲሉ እንኳ "በሌላው እከከው" ተባሉ።

ፊልሙ አልቆ ብርድ ልብሶቹ ሲወርዱና ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያወራ፣ ከግቢው በር "አባቴን! የወተት አባቴን!" የሚል አዲስ ጩኸት መጣ። ሐኒ ነበረች። ጫንጮ ድረስ ማን እንደደወለላት አይታወቅም፤ ሕፃን ልጇን አዝላ በሚኒባስ ስታለቅስ መጥታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያጽናናት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሟቹ ቁጭ ብለው ቆሎ ይበላሉ፤ አባቷ ደግሞ ከጎናቸው።

"ነይ፣ ነይ" አሉ ጋሽ አሥራት። "ሁላችንም አልቅሰን ጨርሰናል። ተንበርከኪ።"

"አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ተንበርከኪ አልኩሽ፣ ምርቃትሽ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዲሪርሳ፣ ተነሥ። በሁለት እጅህ።"

ተነሡ። በአንድ ወገን እትዬ ጥሩዬ፣ በሌላው ደራርቱ ደገፏቸው። ሁለቱንም እጃቸውን በሐኒና በሕፃኑ ላይ ዘረጉ፤ አንዱ ረግቶ፣ አንዱ እየተንቀጠቀጠ። "ሆራ ቡላ" ብለው በኦሮምኛው ምርቃት ጀመሩ። "ዘራችሁ ይብዛ፤ ወተታችሁ አይጉደል፤ ሳቃችሁ የትም ይሂድ የት፣ የሚፈልገው ሰው አይጣ።" ድምፁ እንደ ሰርጉ ቀን ትንሽ ነበር፤ ጋሽ አሥራት ግን እያንዳንዷን ቃል ተቀብለው ለሕዝቡ በዚያ በመንዝ ድምፃቸው ያስተጋቡት ነበር። ሕዝቡም በዚህ ጊዜ አሜን የቱ ጋ እንደሆነ አላጣውም።

የዳማው ሰሌዳ ከዱቄት ከረጢቶቹ ኋላ ወጣ። አይጥ አንዱን ጥግ በልታዋለች፤ እየተጫወቱበት ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ ኦቦ ዲሪርሳ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ካልሠራ የወንድማቸው ልጅ በጋሪ ያመጣቸዋል። እጃቸው ሰሌዳውን ነክቶ ቆርኪው ሲበተን ጋሽ አሥራት "ልትሸነፍ ስትል ነው የምታናውጠው" ይላሉ፤ ኦቦ ዲሪርሳም አይክዱም።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጋሽ አሥራት በተከታታይ አሸነፉ። ምሥጢሩን ደራርቱ ደረሰችበት። ኦቦ ዲሪርሳ ወጥመድ ዘርግተው ሊበሉ ሲሉ ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ሲላቸው እጃቸው ይብሳል፤ ጋሽ አሥራት ሰሌዳውን ትተው እጁን ነበር የሚያዩት።

አሁን ኦቦ ዲሪርሳ ነቅተዋል። ጨዋታው ሲጦዝ ሰው ሳያያቸው ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ካፖርቱ ይሄዳል፤ ቡኒ ክር ወዳለበት ኪስ። ፊታቸው እንደ ዐለት ይሆናል። በወፍጮው ጩኸት ላይ፣ እስከ ድልድዩ ማዶ፣ የጋሽ አሥራት ድምፅ ይሰማል፦

"እጅህን አውጣ! አንተ ሌባ፣ እጅህን አውጣ!"